ምዕራፍ 7፦ ዳገት የሚወስደው፣ ቁልቁለት የሚመልሰው

ታላቅ ወንድሜ ከባሌ ሮቤ ሲደውል ወሬው ስለ ስንዴ ነው። ዝናቡ ቀረ፣ ዋግ ገባ፣ ኮምባይነር ተገኘ፣ ኮምባይነር ጠፋ። በ2017 ዓ.ም. ግን አምስት ወር ሙሉ ስንዴው ተረሳ። ጋሼ ኤሌክትሪክ መኪና አዝዞ ነበር፤ ያውም ፈጣኑን። ባለ ሁለት ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የሚገፋ፣ ከቆመበት ተነሥቶ በአራት ሰከንድ ተኩል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚገባ። ቀብዱን ከፈለ፣ ውሉን ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር።

ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ የእሱ አጠባበቅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነቱ ነበር። በሁለተኛው ወር ስለ ቻርጅ ይጠይቀኝ ጀመር። በአራተኛው ወር አንድ ማታ ደውሎ «ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው? ሰነቴስ?» አለኝ። መኪናው ያን ጊዜ ገና መርከብ ላይ ነው። እኔ ግን ጋሼ የመኪናው ባለቤት የሆነው ያን ማታ ይመስለኛል። ባሌ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው ኪሎ ሜትር ከመቁጠሩ በፊት ሜትር መቁጠር አለበት፤ ወደ ላይ የሚቆጠረውን ሜትር።

ለምን ኤሌክትሪክ የሚለው ጥያቄ አገራችን ውስጥ ብዙ አያከራክርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ቀደም ሲል፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ የጉምሩክ ቀረጡን ብቻ ትቶ ነበር፦ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። በ2017 አጋማሽ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። ለሮቤ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚቀርብ ምክንያትም አለ። ነዳጅ በቦቴ ከሩቅ ነው የሚመጣለት፤ አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሩም፣ ትራክተሩም፣ ስንዴ የሚያመላልሰው አይሱዙም ማደያው በር ላይ ይሰለፋሉ። መብራቱ ግን ከገዛ ተራራው ሥር ይመነጫል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ፤ ከመጽሐፉ ውስጥ በጣም የምወደው ስሌት እሱ ነውና።

ከቻይና የተነሣ መኪና ጅቡቲ ይራገፋል። ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር ይጓጓዛል፣ ጉምሩክ ይገባል፣ ትራንዚተሩ ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት መስኮት ይዞራል፣ ከዚያ ምርመራው፣ ታርጋው፣ ሊብሬው ይከተላል። ገዢው ከዚህ ሁሉ የሚያየው ስልኩ ላይ የምትመጣውን አጭር መልእክት ብቻ ነው። የጋሼ አስመጪ ሦስት ጊዜ ቀን ቆርጦ ሦስት ጊዜ ቀየረ። ያም ሆኖ ጋሼ አንድ ነገር አስቀድሞ አስቦበት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን አይቷል፤ ከዚያ ቀን በፊት ዋጋቸው ያልተቆረጠ ውሎችን የፈረሙ ሰዎች ምን ላይ እንደወደቁም ሰምቷል። ስለዚህ ዋጋው ቀብዱ በተከፈለበት ቀን እንዲጸና የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ አስገባ። መኪና ለማዘዝ የተዘጋጃችሁ ሁሉ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህችን መስመር ፈልጉ።

መኪናው በሚጓዝበት ጊዜ ባትሪው ውስጥ ምን ይሆናል? የሊትየም ባትሪ ሞልቶም ሆነ ባዶውን መክረም አይስማማውም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ሙሉውን አይሞሉትም። ግማሽ ገደማ ይዞ የተቀመጠ ባትሪ ወራትን ያለ ብዙ ጉዳት ያልፋል። የሚቸገረው ሌላው ነው፦ እንደማንኛውም መኪና ኮፈኑ ሥር ወይም ኋላ የምትቀመጠው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የምትዘጋው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ ተኝቶ ይቀራል። እኛም የገጠመን ይኸው ነው። መኪናውን ልንረከብ በሄድንበት ግቢ ቁልፉን ብንጫን፣ ብንጫን ዝም። መጨረሻ ላይ የአንድ ሚኒባስ ሾፌር ኬብል አውሶን፣ ከእሱ ባትሪ ስበን፣ መኪናው በአንድ ጊዜ መብራቱን ሁሉ አብርቶ ተነሣ። ሾፌሩ «ይሄ ሁሉ ዘመናዊ ነገር ከእኔ ባትሪ ተለመነ?» ብሎ ሣቀ። ለርክክብ ስትሄዱ ኬብል ያዙ። የቻሲስ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ ጎማው ላይ የተቀረጸውን የምርት ሳምንት አንብቡ፣ የቻርጅ ገመዱ ከነመለወጫው መኖሩን እዩ፤ ከሁሉ በፊት ግን ኬብል ያዙ።

ጋሼ ከመጠበቂያው ጊዜ ትልቁን ድርሻ ያዋለው ቤቱ ላይ ነው፤ ደግሞም ትክክል ነበር። እዚህ ላይ ኪሎዋት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጣድ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። እንግዲህ የጋሼ መኪና 80 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው፤ ምጣዱ ሳይወርድ 23 ሰዓት ያህል ተጥዶ እንደመዋል ነው። በተራ የግድግዳ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ በሰዓት የሚገባለት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ባዶው ባትሪ አንድ ቀን ተኩል ይፈልጋል። ለብቻው በተዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ በ32 አምፔር፣ 7 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሰካ ሰው ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ሞልቶ ያገኘዋል።

ያ ግን የሁለት ምጣድ ጭነት ነው፤ ለዚያውም ሌሊቱን ሙሉ። የቆጣሪው አቅም፣ ከምሰሶ እስከ ቤት ያለው ሽቦ፣ ብሬከሩ፣ ከሁሉም በላይ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ኧርዝ ታይተው መሠራት አለባቸው። ብዙ ቤት ውስጥ ኧርዝ የሚባለው ነገር በስም ብቻ ነው ያለው። መኪናው ደግሞ ይህን አይታገሥም፤ ኧርዝ ካላገኘ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ አጥፍቶ አብርቶ ማታለል አይቻልም። የጋሼ ኤሌክትሪሺያን የመዳብ ዘንጉን ሁለት ጊዜ አስቀበረ፤ የመጀመሪያው ደረቅ ቦታ ላይ ነበርና። እኔ በበኩሌ መኪናው በመዘግየቱ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰፈሩንም ማሰብ ግድ ነው። አንድ ትራንስፎርመር ብዙ ቤት ይመግባል፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሁሉም ይጋግራል፤ ያን ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይደክማል። ጋሼ ቻርጁን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርጎ ያስተካክለዋል። መኪናው ራሱ ሰዓት ይጠብቃል። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ቢሆንም ከቤንዚን ጋር ለመወዳደር ገና ሩቅ ነው። የሌሊቱ ልማድ ግን ከገንዘብ ይልቅ የጉርብትና ነገር ነው።

መኪናው ከነወረቀቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ይላል። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ የቻይናው መለኪያ የሰጠው ቁጥር ነው። ሲኤልቲሲ የሚባለው ይህ መለኪያ መኪናውን ቤት ውስጥ፣ ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ አቁሞ ያስሮጠዋል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብሊውኤልቲፒ የተባለው የአውሮፓው መለኪያ 46 ተኩል ላይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለዚያው መኪና ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱም ዳገት የላቸውም። ከበሮው ላይ በቆጂ የለም፣ ዲንሾ የለም። እኔ የአገራችንን የረጅም መንገድ ጉዞ ሳሰላ ከቻይናው ቁጥር ከአራት አንዱን እስከ ከሦስት አንዱን ቀንሼ ነው የምጀምረው።

ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መነሻው 2,350 ሜትር፣ መድረሻው 2,490 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በወረቀት ካየነው ጠፍጣፋ መንገድ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ወደ አዳማ 700 ሜትር ያህል እንወርዳለን። ከአዳማ በኢተያ፣ በአሰላ አድርገን እስከ በቆጂ 1,100 ሜትር ያህል እንወጣለን። ወደ አሳሳና ዶዶላ ወርደን፣ አዳባን አልፈን፣ 3,000 ሜትርን ወደሚያልፈው ዲንሾ እንደገና እንወጣለን፣ ከዚያ ሮቤ ሜዳ ላይ እንዘረገፋለን። ዳገት ዳገቱን ብቻ ብንደምር ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ፈጣን ቻርጀር በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 የከፈተው እዚያው ነው። ስለዚህ ጋሼና እኔ መንገዱን ለሁለት ቆረጥነው። አሰላ ላይ ግቢው ውስጥ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር ያስተከለ ሆቴል አድረን፣ ጧት ሙሉውን ይዘን ተነሣን። ያ ሌሊት ባይኖር ኖሮ ዲንሾ ዳገት ላይ ልባችን ተንጠልጥሎ እንቀር ነበር።

መንገዱ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስመላለስበት አስተውዬው የማላውቀው። አዳማ ስንደርስ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፤ ሁለተኛው የአዳማ ነፋስ ኃይል ብቻውን 153 ሜጋዋት ነው። ኢተያ አካባቢ የአሰላው የነፋስ ኃይል 100 ሜጋዋት አለ። ዶዶላንና አዳባን ስናልፍ ደግሞ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ዋቤ ሸበሌ ላይ፣ መልካ ዋከና አለ፤ በ1980ዎቹ መባቻ ሥራ የጀመረ፣ እሱም 153 ሜጋዋት። ወንዙ የሚነሣው ከእነዚሁ ከአርሲና ከባሌ ተራሮች ነው። ወደ ደቡብ በኩል ደግሞ ከባሌ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች የሚገብሩለት ገናሌ አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 ከእሱ 254 ሜጋዋት ያወጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋቱ እነዚህን ሁሉ ትንንሽ ቢያስመስላቸውም፣ ለባሌ ሰው መልካ ዋከና የጓሮ ምንጭ ነው።

አሁን ቃል የገባሁትን ስሌት ላምጣ። መልካ ዋከና ላይ ውሃው ወደ 300 ሜትር ገደማ ይወድቃል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አሥር ኩንታል ይመዝናል። አሥር ኩንታል 300 ሜትር ሲወድቅ፣ ተርባይኑና ጄኔሬተሩ የሚያባክኑት ተቀንሶ፣ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። የጋሼን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት እንግዲህ 110 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ አሥራ አንድ ጊዜ። መስመሩ የተያያዘ ስለሆነ የጋሼ ቤት መብራት የየትኛው ወንዝ እንደሆነ ማንም ለይቶ አይነግረንም። የክብደትና የከፍታ ሕጉ ግን የትም አንድ ነው። ያው ሕግ መኪናውንም ይገዛዋል።

መኪናው ሰው ሳይሳፈርበት 22 ኩንታል ይመዝናል። ባሌ ስንዴ አገር ነውና በስንዴ እናስበው፦ 22 ኩንታል ስንዴ ከጎባ አንሥቶ ሰነቴ አምባ ላይ መጫን። ጎባ 2,743 ሜትር ላይ ናት፤ መንገዱ አምባው ላይ ሲወጣ 4,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 22 ኩንታልን 1,350 ሜትር ማንሣት 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከባትሪው አሥር በመቶ፣ ወይም ምጣዱን ከሁለት ሰዓት በላይ መጣድ። ይህ የመንገዱ ሰበቃ፣ የነፋሱ ግፊት፣ የማሞቂያው ፍጆታ ሳይጨመር ነው። እነሱ ሲጨመሩ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለ40 ኪሎ ሜትር ላልሞላ መንገድ!

እዚህ ላይ ግን የፈጣን መኪና ነገር ይመጣል፤ ጋሼም ገንዘቡን ያፈሰሰው ለዚህ ነው። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ሲነጻጸር ከሦስት ሁለት እጁ ብቻ ነው የሚቀረው። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ ተርቦ ከሌለው ከጉልበቱ ሦስተኛው እጅ እዚያ ይቀራል። አሮጌ መኪኖች የጎባን ዳገት ሲወጡ እንደ ደከመ በሬ የሚያቃስቱት ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም። ጎባ ላይ ያለው ጉልበት ሰነቴ ላይም ያው ነው፤ የሳሳው አየር እንዲያውም ፊቱን የሚገፋውን ግፊት ይቀንስለታል።

ይህ በዓለም ፊት የተረጋገጠው አሜሪካ ውስጥ፣ ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ ነው። እዚያ በየዓመቱ የዳገት ውድድር አለ፤ 20 ኪሎ ሜትር፣ 156 ጠመዝማዛ፣ ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ 4,302 ሜትር ላይ የሚያበቃ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ አይዲ አር በተባለች የፎልክስቫገን ኤሌክትሪክ መኪና በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጣው። ከዚያ በፊት በነዳጅ ሞተር የተያዘው ክብረ ወሰን 8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ነበር። ከስምንት ደቂቃ በታች የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ያውም ነዳጅ በሌላት መኪና። አሁን የጎባን ከፍታና ሰነቴ አምባ ላይ ያለውን የቱሉ ዲምቱን 4,377 ሜትር አጠገቡ አስቀምጡት። መነሻችን ከእነሱ መነሻ ጋር ይቀራረባል፤ መኪና የሚወጣበት የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ ከእነሱ መድረሻ በ75 ሜትር ይበልጣል። ይህን ለጋሼ ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለና «እኛ ደጃፍ ነው ያለው ማለት ነው» አለ።

ደጃፋችን ቢሆንም የመወዳደሪያ ቦታ አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተመሥርቶ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በምድር ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል። ፍልፈል ላይ ሲያደባ ዓይኑ ከጉድጓዱ አፍ አይነሣም፤ መንገድ ዳር ነኝ ብሎ አይጠነቀቅም። ድምፅ የሌለው ፈጣን መኪና ለእሱ አደጋ ነው። በብዙ አገር ሕግ ኤሌክትሪክ መኪና እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰማ ይገደዳል፤ ይህ ሮቤ ከተማ ውስጥ ለእግረኛውና ለጋሪ ፈረሱ ይጠቅማል፤ አምባው ላይ ግን የሚያድነው የሹፌሩ እግር ነው። ጋሼ ሰነቴ ላይ ከ40 አያልፍም። አራት ሰከንድ ተኩሉን እዚያ እንዲሞክራት አልፈቅድለትም፤ እሱም አይፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንግዲህ እንዲህ አለፉ። ስክሪኑ በቻይንኛ ይጽፋል፤ ካርታው ቻይናን እንጂ ባሌን አያውቅም፤ የስልክ መተግበሪያው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የመሐል ልጁ ስልኩን ስክሪኑ ላይ እያስነበበ አስተርጉሞ፣ አስፈላጊ ምልክቶችን በደብተር ላይ ስሎ በአማርኛ ጻፈባቸው፤ ደብተሯ እስካሁን መሪው ሥር አለች። ትልቁ ችግር ጎማ ነው። ብዙዎቹ ፈጣን መኪኖች ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ስኮርታ ይዘው አይመጡም፤ የሚሰጡት መድኃኒት የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ነው። ጎማው ሰፊ፣ ጎኑ አጭር ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ሲመታው ይቀደዳል እንጂ አይበሳም፤ ለተቀደደ ጎማ ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራም። የሮቤ ጎሚስታዎች የዚህን ልክ ጎማ አልያዙም ነበር። ጋሼ ሁለት ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ አንዱን ሁልጊዜ ከኋላ ይጭናል። መኪናውን ሲመርጥ ዝቅ ያለውን የቤት መኪና ትቶ ከፍ ያለውን የወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባትሪው ሆዱ ሥር ተዘርግቶ ነው ያለው፤ የሪራ መንገድ ድንጋይ ሲፍቀው መስማት የሚፈልግ የለም።

ጥገናውስ? የባሌ መካኒክ የኮምባይነርን ሞተር ማሳ ላይ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው፤ እጁን አከብራለሁ። ግን እዚህ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ካየ እጁን እንዲሰበስብ እለምነዋለሁ። ያ ቀለም የ400 ቮልት ገደማ ምልክት ነው፤ መኪናው ጠፍቶ ሳለም ሰው ሊገድል ይችላል። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሮቤ ላይ ነው ያለው። ለአካባቢው መካኒኮች የጥቂት ሳምንት የከፍተኛ ቮልት ሥልጠና ቢከፍት አገር የሚጠቅም ሥራ ይሠራ ነበር፤ መኪኖቹ በዝተው ሰው ከመጎዳቱ በፊት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ስንዴውን የሚጠብሰው ውርጭ ባትሪውንም ያገኘዋል። ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ባትሪ ውስጥ ኃይል በፍጥነት ቢገፋበት ሊትየሙ ወደ ቦታው ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ይህ የማይመለስ ጉዳት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ስለሚያውቅ ጧት ጧት ቻርጁን ያዘገየዋል፤ ቁልቁለት ላይ የሚመልሰውንም ኃይል ይቀንሳል። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን ተበላሸ ብሎ ደነገጠ። አሁን ቻርጁ ከመነሻው ሰዓት ጋር እንዲያበቃ ያደርገዋል፤ ሲሞላ ያደረ ባትሪ ሞቅ ብሎ ይነሣል።

ቁልቁለቱን ያየነው በጥር ነው። እናታችን ደሎ መና ያለች ዘመዷን መጠየቅ ፈልጋ፣ ሦስታችን ከጎባ ተነሣን። አምባው ላይ ስንወጣ ስክሪኑ 79 በመቶ ይላል። ከዚያ መንገዱ በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ አስታው፣ ቀርከሃው፣ ዝግባው፣ ከታች የጫካ ቡናው። ደሎ መና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 2,800 ሜትር መውረድ ማለት ነው። መኪናው ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል፤ መልካ ዋከና ላይ ውሃው የሚሠራውን እዚህ 22 ኩንታሉ ይሠራዋል። ጋሼ ፍሬን የነካው ከብት ሲያቋርጥ ብቻ ነው። ከተራራው የሚገኘው 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ላይ መንገዱ ድርሻውን ይወስዳል። ደሎ መና ስንገባ ስክሪኑ 85 አለ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አየችው። «ሄደንበት ጨመረ?» አለች።

ስንመለስ ዋጋውን እንደምንከፍል ነገርኳት፦ ዳገቱን ለመውጣት ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከባትሪው ከሦስት አንዱን የሚያልፍ። ይበቃናል፤ ጎባ ስንደርስ ግማሹን ያህል ይዘን ነው። ዘመዳችን ግን የሐረና ማር በሁለት ጀሪካን ሞልታ በር ላይ አስቀምጣ ጠበቀችን፤ 70 ኪሎ ይሆናል። ጋሼ ማሩን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ ስልኩን አውጥቶ ያባዛ ጀመር። ሰባ ኪሎ በ2,800 ሜትር፦ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት።

«ምጣድ ለዘጠኝ ደቂቃ ያህል መጣድ ነው» አልኳት ለእማዬ።

«ሦስት እንጀራ ነው በለኛ» አለችና ዘመዳችንን ሦስተኛ ጀሪካን እንዳላት ጠየቀቻት።